የሲኞራ ካርሜላ በለስ ሲቀበር

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2003 ዓመተ ምሕረት ነው፤ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአውሮራ ተነሥቼ ሰሜን ዴንቨር ድረስ የሄድኩት ሰይድን ውሸታም ለማለት ነው። ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም።

ሰይድ የመርካቶ ልጅ ነው። ታክሲ ይነዳል፤ በር ለበር ነን። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጠን፣

"ጋሽ ወልዱ፣ ዛሬ አንዲት ጣልያን እናት ከሐኪም ቤት አምጥቼ ቤታቸው ድሮፕ አደረግኳቸው። ጓሯቸው የበለስ ዛፍ አለ። ፍሬውን አቀመሱኝ" አለኝ።

"ቁልቋሉን ነው?"

"ኧረ ዛፉን! ቅጠሉ እንደ መዳፍ የሆነውን።"

"በዴንቨር ብርድ? ውሸትህን ነው።"

"ወላሂ ጋሼ! አድራሻውን ልስጥዎት፣ ሄደው ይዩ።"

ስለ በለስ ለእኔ የሚነግረኝ ሰው የለም። ጎረምሳ ሳለሁ አስመራ አጠገብ በአንድ ጣልያን አትክልት ቦታ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ውሃ ሳጠጣው ከኖርኩት በለስ አንዲት ፍሬ ስበላ አየኝና የዚያኑ ቀን አባረረኝ። አዲስ አበባ ወረድኩ። ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ነው፣ ማታ ማታ፣ በአማርኛ። በሌላ ቋንቋ መጻፍ አልችልም። ስህተት ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ኮልፋክስ ጎዳና

ልጄ ሰናይት "አባዬ፣ ቅዳሜ እኔ እወስድሃለሁ" ብላኝ ነበር። ቀኑ ማክሰኞ ነው። እስከ ቅዳሜ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ያዝኩ። ለሽማግሌ ግማሽ ዋጋ ነው፤ ሹፌሩ መታወቂያ አልጠየቀኝም፣ ፊቴ በቃው። መሃል ከተማ ወርጄ ሌላ ያዝኩ። የባቡር ሐዲዱንና የፕላትን ወንዝ በድልድይ ተሻገርንና ዳገቱን ወጣን።

ሰፈሩ የድሮ የጣልያኖች ሰፈር ነው። ቤቶቹ ትንንሽ፣ የጡብ፣ በረንዳ ያላቸው። በየመሃላቸው ደግሞ ሣጥን የመሰሉ አዳዲስ ባለ ሦስት ፎቆች እየበቀሉ ነው። ጥግ ላይ አንድ ዳቦ ቤት አገኘሁ። ቋሊማና ቃሪያ በሊጥ ጠቅልለው ይጋግራሉ። በሁለት ዶላር ገዝቼ ቆሜ በላሁ። ይጣፍጣል፤ አልዋሽም።

አራት ሰዓት፣ ጓሮው

በሩን አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። በጎን ዞርኩ። አንዲት አጭር አሮጊት የወንድ ጃኬት ለብሰው፣ አካፋ ጭናቸው ላይ አጋድመው የኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ሲኞራ ካርሜላ ናቸው፤ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው። ከፊታቸው ዛፉ ቆሟል። ቅጠሉ ረግፏል፣ ግን በለስ ነው። ሰይድ አልዋሸም። ተናደድኩ።

"ከቤተ ክርስቲያን ነው የላኩህ?" አሉኝ በእንግሊዝኛ።

"የላከኝ የለም። ዛፉን ለማየት ነው የመጣሁት።"

"ዛሬ ካልተቀበረ ከነገ በኋላ የምታየው የለም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ክረምቱ በለስ ይገድላል። ስለዚህ ጣልያኖቹ በየጥቅምቱ ዛፉን አስተኝተው አፈር ያለብሱታል፤ ሚያዝያ ላይ ያነሡታል። ይህን የሚሠሩት ባላቸው ነበሩ። ባላቸው በበጋ ሞቱ። ጃኬቱ የሳቸው ነው። ዛሬ ማታ ከባድ ውርጭ ይመጣል ተብሏል። ቶርንተን ያለው ልጃቸው ሲደውሉለት "እማ፣ ተይው፤ ቤቱ ሊሸጥ አይደል?" አላቸው። የሲኞራ አባት በሻንጣ ቅርንጫፉን ከጣልያን ያመጣው ዛፍ ነው።

አካፋውን ከጭናቸው ወሰድኩ። ጉልበቴ ያመኛል፣ ግን ወሰድኩ።

ርዝመቱ የዛፉን ቁመት የሚያህል ጉድጓድ ቆፈርኩ። ቅርንጫፎቹን በገመድ ሰበሰብን። ሲኞራ ሊነግሩኝ አፋቸውን ሲከፍቱ "በለስ አውቃለሁ!" ብዬ ግንዱን አቅፌ ሳብኩት። ቋ! አለ። አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ተገነጠለ። እኔ የማውቀው ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የሚኖረውን በለስ ነው፤ ተኝቶ አላየሁም። ሲኞራ ቅርንጫፉን አንሥተው በጃኬቱ እጅጌ አፈሩን ጠረጉለት።

"መጀመሪያ ሥሩ ይቆረጣል። በጉድጓዱ በኩል አይደለም፣ በማዶው። ያኔ ራሱ ይተኛልሃል።"

እንዳሉኝ ቆረጥኩ። ሲያዘነብል ብቻዬን መያዝ አቃተኝና ደነገጥኩ። አፌ ላይ የመጣው ጣልያንኛ ነበር።

"ነይ! ያዢ! ቶሎ!"

ሲኞራ ገመዱን ያዙ፤ ቀስ አድርገን አስተኛነው። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው እየሳቁ አዩኝ።

"ጣልያንኛ ማን ነው ያስተማረህ፣ ወታደር?"

"ጌታዬ ነው። የሚያናግረኝ እንዲህ ነበር። ሌላ ቃል አልነገረኝም።"

ሳቃቸው ቆመ። "እዚህ ቤት 'ፐር ፋቮሬ' እንላለን። እባክህ ማለት ነው። በል እስቲ" አሉ።

አልልም ልል ነበር። ግን ታላቅ እህቴ የሚሆኑ ሴት ላይ መጮኼን ሳስበው አፈርኩ። አልኩት።

ምንጣፍ፣ ሣንቃና ደረቅ ቅጠል ስናለብሰው የሰፈሩን ነገር አጫወቱኝ። አባታቸው ሐዲድ አንጥፎ፣ በኋላ ወንዙ ዳር አትክልት አብቅሎ በጋሪ ይሸጥ ነበር። የከተማው ሰው ነጭ ሽንኩርት ይሸታሉ እያለ ቤት አያከራያቸውም ነበር። በጥቅምት ወንዶቹ አካፋ ይዘው ከጓሮ ጓሮ ይዞሩ ነበር። የዛፉ ባለቤት ወይን ያቀርባል። መጨረሻ የሚቀበረው ዛፍ ሁልጊዜ ይጣመማል፤ ቀባሪዎቹ ሰክረዋላ።

"አንዴ ሰው ቀበሩ ተብሎ ፖሊስ መጣ። አባቴን አስቆፈረው። 'ይሄ ምንድን ነው?' ሲለው አባቴ 'ወንድሜ ነው ጌታዬ፣ ብርድ አይወድም' አለው!"

አካፋውን ተደግፌ ሳቅሁ። እኛ ጌታዬ የምንላቸው ሰዎች እዚህ ለሌላው ጌታዬ ሲሉ ኖረዋል። ይህን አላውቅም ነበር።

አፈሩን ከመለስን በኋላ ኩሽና አስገብተው ከፊታቸው አስቀመጡኝ፤ ሾርባ ቀረበ። የአስመራው ጣልያን ቤት በኋላ በር እንኳ ገብቼ አላውቅም። ሲኞራ ግን አልበሉም፣ በመስኮት ጉብታውን ያያሉ።

"በመጋቢት ቤቱ ይሸጣል። የሚገዛው ሰው ከአፈሩ ሥር ዛፍ እንዳለ በምን ያውቃል? ሲሚንቶ ያፈስበታል።"

"ሚያዝያ ላይ መጥቼ አነሣዋለሁ።"

"አጥር ዘለህ?"

"አንኳኩቼ። ፐር ፋቮሬ ብዬ።"

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወደ ቤት

የተገነጠለውን ቅርንጫፍና በወረቀት ከረጢት ደረቅ በለስ ሰጡኝ። አውቶቡስ ውስጥ አንዷን በላሁ። የተቆጣኝ የለም። ሰይድ ደረጃው ላይ እየጠበቀኝ ነበር።

"እ? ጋሼ፣ አለ ወይስ የለም?"

"ነበረ። ቀብሬው መጣሁ።"

ሲያፈጥብኝ ከረጢቱን ሰጠሁት። ተሳስቼ ነበር ማለት እንዲህ ነው፤ ከዚህ በላይ ከእኔ አይጠበቅም።

ሌሊቱን በረዶ ጥሎ አደረ። በማግስቱ ጠዋት ሰናይት ሳትነሣ አንድ ሣንቃ ፈልጌ በቀለም "አልሞተም። በሚያዝያ ይነሣል" ብዬ ጻፍኩበት። ሰናይት ተነሥታ አየችውና "አባዬ፣ እዚያ ሰፈር አማርኛ ማን ያነባል?" አለችኝ።

"ባያነቡትም ጽሑፍ መሆኑን ያያሉ። ያየ ሰው ደግሞ ይጠይቃል" አልኳት። ሣንቃውን በብብቴ ይዤ አሥራ አምስት ቁጥርን ያዝኩ፤ ወስጄም በዛፉ ራስጌ ተከልኩት።