ወንድሜን ከእግዚአብሔር ስንለምን

ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ከተማችን ባህል አዳራሽ አካባቢ ባጃጅ ይነዳ ነበር። በሞያሌ አድርጌ ደቡብ አፍሪካ እገባለሁ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ታንዛኒያ ሲደርስ አንዴ ደወለ። «እማዬን አደራ፤ ድንበሩን ስንሻገር እደውላለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

እናቴ ማለዳ ማለዳ አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው ቤታችን ተነስታ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እኔም ሥራ ከመግባቴ በፊት አብሬያት እሄድ ነበር። የምትጸልየው በሲዳምኛ ነው፤ ልመናዋም አጭር ነው። «ልጄ ያለበትን አንተ ታያለህ፤ ለእኔም አሳየኝ።» መጀመሪያ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቡድን ሴቶች አብረውን ያለቅሱ ነበር። እየቆየ መጠየቁንም ተዉት። አንድ ቀን አንዷ ደጅ ላይ አስቁማኝ፣ «እናትሽን ምከሪያት እንጂ። እርሟን ታውጣ» አለችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልቤ ውስጥ የነበረው አመለጠኝ።

«እማዬ፣ እኔ ከእንግዲህ መጸለይ አልችልም። የሚሰማን ያለ አይመስለኝም።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ «እኔም ብዙ ቀን እንደዚያው ይመስለኛል» አለች። «ግን ዝም ካልኩ ልጄን ለማን ልተወው? አንቺ አጠገቤ ተቀመጪልኝ፤ እሱ ይበቃኛል።»

ተቀመጥኩላት። እሷ ስትጸልይ እኔ ወለሉን እያየሁ ከረምኩ።

ባለፈው ክረምት እናቴን ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷም ተያዘ። ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ጠዋት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በደህናው እጇ ነጠላዋን ስትፈልግ አገኘኋት። አለበስኳት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ደጋግማ ሞከረች። ሲያቅታት እጄን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር።

«እማዬ፣ እኔ እኮ…» አልኩ።

እጄን ጠበቅ አደረገችው።

በሷው ቋንቋ መጸለይ ጀመርኩ፤ ተንተባተብኩ። እምነት መጣልኝ አልልም። የመጣብኝ የወንድሜ ናፍቆት ነው። የከተማችን ሐይቅ ዳር ወስዶኝ ጥሬ ዓሣ ካልበላሽ እያለ የሳቀብኝ ሳቅ፣ ቤት ሲገባ ጫማውን የሚወረውርበት ቦታ። ያንኑ ለእግዚአብሔር ነገርኩት። «ናፍቆኛል። እየሰማኸኝ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ናፍቆኛል» አልኩ። እናቴ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። እዚያው ተያይዘን አለቀስን። በማግስቱም ጠዋት አለበስኳትና ጀመርኩ።

ከመስቀል በኋላ ከማላዊ እስር ቤት የተመለሰ አንድ ወጣት ቤታችንን አፈላልጎ መጣ። እናቴ ፊት ተንበርክኮ፣ «እማማ፣ ልጅዎን እዚያው እስር ቤት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከስቷል፤ ግን በሕይወት አለ» አላት። እናቴ ፊቱን በግራ እጇ ዳበሰችው። ለመሄድ ሲነሳም አልለቅ አለችው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ወንድሜ ሌላ ወሬ አልመጣም። ተፈትቶ ይሁን፣ ታሞ ይሁን አናውቅም። የምጠራጠርባቸው ቀኖችም አላለቁም፤ አንዳንዴ ለግድግዳው የማወራ ይመስለኛል። ቢሆንም ጠዋት ሲሆን ከእናቴ አጠገብ እቀመጣለሁ። አሁን ጥቂት ቃላት ተመልሰውላታል፤ መጀመሪያ የመጣላት የሱ ስም ነው። እሷ ስሙን ትጠራለች፤ የቀረውን እኔ እላለሁ።