ክንዱን የማታውቀው ንስር

ሙራታሊ በኢሲክ ኩል ሐይቅ ዳርቻ፣ ንስር አሠልጥኖ በማደን የኖረ ሰው ነው። በንስረኞች ልማድ፣ ዐሥር ዓመት ያገለገለች ንስር ጎጆ ሠርታ ጫጩት እንድትፈለፍል ትለቀቃለች። የእሱ ንስር ካራጎዝ ዐሥር የአገልግሎት ዓመቷን በደፈነችበት መከር ግን ልጁ ጉልዛት ከዋና ከተማው ከቢሽኬክ መጣች።

«አባዬ፣ እስከ ፀደይ አቆይልኝ። ሰው ወፍ ሆኖ እንዳሻው የሚበርበት የኮምፒውተር ጨዋታ እየሠራን ነው፤ አሸናፊ የለው፣ ማለቂያ የለው። አበራረሯን እንቅረጽ።»

«ማለቂያ ከሌለው ምኑን ይጫወቱታል?» አለች እናቷ።

«መብረሩን ነዋ፣ እማዬ!»

ሙራታሊ የልጄ እንጀራ ነው ብሎ እሺ አለ።

በረዶው እስኪቀልጥ ቀረጿት። ካሜራው በተነሣ ቁጥር ወደ ክንዱ ይጠራታል፤ በመጣች ቁጥር ሥጋ ይሰጣታል። ከዚያ በፊት ለአደን እንጂ ለጉርሻ በርራ አታውቅም ነበር።

በፀደይ በግ አረደላትና ሩቅ ተራራ ላይ ከሥጋው ጋር ትቷት፣ ዞር ብሎ ሳያይ ወረደ። በማግስቱ ደጁ ላይ ቆማ አገኛት። መልሶ ወሰዳት፤ ተመልሳ መጣች። በመጨረሻ ድንጋይ አነሣባት።

«ሂጂልኝ! ሂጂ የኔ እናት፣ እዚህ ምን አለሽ?» እያለ ይወረውራል፣ ያለቅሳል።

«እናቴ ስትሞት እንኳ እንዲህ አላነባህም» አለች ሚስቱ፣ ልታስቀው ብላ። አልሳቀም።

ካራጎዝ ሄደች። ማዶ መንደር አንድ እረኛ ክንዱን ዘርግቶ በጎቹን ሲመልስ አየችና ልታርፍበት ወረደች። እረኛው ግልገል ልትነጥቅ መስሎት አናቷን በዱላ መታት። ሬሳዋን ይዞ የመጣውም እሱ ነው።

«ያንተ መሆኗን ሰዎች ነገሩኝ፤ ይቅር በለኝ ወንድሜ።»

«አንተ ምን አጠፋህ? ክንድ ያስለመድኳት እኔ ነኝ» አለ ሙራታሊ።

በመከር ጉልዛት ጨዋታውን በላፕቶፕ ይዛ መጣች። ስክሪኑ ላይ ካራጎዝ በተራሮች ላይ ትንሳፈፋለች፤ ስትታጠፍ ወደ ግራ የምታዘነብለው እንኳ ሳይቀር የራሷ ነው።

«መቼ ይርባታል?»

«አይርባትም፣ አባዬ። አትሞትምም።»

«እስቲ ጥሪያት።»

ጉልዛት አንገቷን ደፋች። «መጥሪያ አላበጀንለትም።»

ሙራታሊ ልማድ አሸንፎት ክንዱን ዘረጋና በድሮው ድምፁ ተጣራ። ንስሯ ዞር ሳትል ሸንተረሩን አልፋ ሄደች።

«አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ክንዱን ቀስ ብሎ እያወረደ። «ይችኛዋስ መሄድ ታውቃለች።»