የሃምሳው ጾም

የሬዲዮ ስቱዲዮው ቀይ መብራት ከጠፋ ብዙም አልቆየም ነበር። በሩን ከፍተን ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው በትሕትና ሰላም ካለን በኋላ "ለአጭር ጥያቄ ነው" አለ። ይህን ቃል ከዚያ በፊት ታስረው ከወጡ ሰዎች አፍ ሰምቼው ስለነበር ጃኬቴን ልውሰድ አልኩ። ፈቀዱልኝ።

እንግዶቼ ሁለት ነበሩ። አንደኛው የኢኮኖሚክስ ዶክተር ነው፤ የነዳጅ ዋጋ ለገበያው ይለቀቅ ይላል። ሌላው የታክሲ ሾፌር ነው፤ ዋጋውን መንግሥት ይያዘው ይላል። እኔ አወያያቸው ነበርኩ። ለመጠየቅ የፈለጉት የትኛውን ወገን እንደሆነ ስንጠብቅ ሦስታችንንም በአንድ መኪና ጫኑን። በመንገድ ላይ የተናገረ ሰው የታክሲ ሾፌሩ ብቻ ነው፤ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ፣ ለሚነዳው ፖሊስ "ማርሽ ቀንስ ወንድሜ" አለው።

ፕሮግራሙ ስለ አገራችን አልነበረም። ነዳጅ ከምድሯ እያወጣች ለዓለም ስለምትሸጥ አንዲት የአፍሪካ አገር ነበር። እዚያ መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ልልቀቀው አልልቀቀው እያለ ሕዝቡ ለሁለት ተከፍሎ ይከራከር ነበር። ስለ ሰው አገር ካወራን ማን ይነካናል ብዬ ያንን መረጥኩ። ዶክተሩም ስለዚያች አገር ጀመረ፤ "ነዳጅ አምራች ሆና ለሕዝቧ በርካሽ ስትሸጥ ምን አተረፈች? ርካሹ ቤንዚን በሌሊት ድንበር ይሻገራል፣ ለድሃው የሚተርፈው ሰልፉ ነው" አለ። ለሾፌሩ ግን ጉዳዩ የሰው አገር አልሆንለት አለ። "ከጓሮው የሚቀዳ ሕዝብ መክፈል ካቃተው፣ ከመርከብ የምንጠብቀው እኛ ምን ልንሆን ነው?" አለ። ያቺ 'እኛ' አስበላችን። ከዚያ በኋላ ስልክ የደወለ አድማጭ ሁሉ ያቺን አገር ረስቶ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ ጥቁር ገበያ አወራ።

ፖሊስ ጣቢያ ስንደርስ መርማሪው የጠየቀኝም ይህንኑ ነው። "ያወራችሁት ስለ ሌላ አገር ከሆነ፣ ሰዉ ለምን ስለዚህ አገር ደወለ?" አለኝ።

የገባንበት ክፍል ጠባብ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ከጣሪያው ሥር አንዲት መስኮት አለች፤ የላብ፣ የበረኪናና የሰነበተ ወጥ ሽታ ተቀላቅሎ ሲቀበልህ ዓይን ያስለቅሳል። ሰዉ በጎኑ ነው የሚተኛው። የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የሚሉት፣ ቀድሞ ወታደር የነበረ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ማንነታችንን ሲሰማ "ሬዲዮ ላይ የምትጨቃጨቁት እናንተ ናችሁ?" አለና ዶክተሩንና ሾፌሩን አጠገብ ለአጠገብ አስተኛቸው። ሌላ ቦታም አልነበረም።

ጠዋት ዳቦና ሻይ ከጣቢያው ይሰጣል። ከዚያ ውጭ የሚበላው ቤተሰብ የሚያመጣው ስንቅ ነው። በክፍሉ የቆየ ሥርዓት ነበር፤ ስንቁ ሁሉ መሐል ይወጣል፣ ካቦው ማንም ሳይነካ ከየሳህኑ ቆንጥሮ አንድ ሳህን ይሞላና በሩ ጥግ ያስቀምጣል። የማን ነው አይልም። ጠያቂ የሌለው እዚያ ሳህን ዙሪያ ይቀመጣል፤ ጠያቂ ያለውም አንዳንዱ እየሄደ ይቀላቀላል። ስለዚህ የቱ ጠያቂ እንዳለው፣ የቱ እንደሌለው በዓይን አይለይም።

አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ሁልጊዜ ከዚያ ሳህን ነበር የሚበሉት። የነዳጅ ማደያ ዘበኛ ናቸው። ሰልፍ ላይ ጠብ ተነስቶ ፖሊስ ሲደርስ፣ ከተጣሉት ጋር ሲገላግሉ የነበሩትን እሳቸውንም አፍሶ አመጣቸው። ልጆቻቸው ሩቅ ገጠር ናቸው፤ አባታቸው መታሰሩንም አያውቁም። ይህን ሁሉ የነገረኝ ካቦው ነው። እሳቸው ስለ ራሳቸው አያወሩም ነበር።

ከዚያ ሳህን አዘውትሮ ለሚበላ አንድ ጎልማሳ ለካስ ሚስቱ በየቀኑ ስንቅ ታመጣለት ኖሯል፤ ስንቁን ጎረቤት ክፍል ላለ ዘመዱ እያስተላለፈ በሲጋራ ይለውጠዋል። አንድ ቀን ይህ ሲታወቅ ክፍሉ ታመሰ። ዶክተሩ የፈለገውን ምሳሌ አገኘ። "ይኸው! ድንበር ተሻገረ" አለ። ቀጥሎም በእርጋታ አስረዳ። ቤተሰቦቻችን ውጭ እየተራቡ ለማያውቁት ሰው ያበስላሉ። ሁሉም የራሱን ይብላ፤ ጠያቂ የሌለው ደግሞ ለካቦው ይናገርና ለእሱ በቀጥታ ይሰጠው። "ድጎማው ለሚገባው ሰው ብቻ ይድረስ ነው የምለው። ማንም ይራብ አላልኩም" አለ።

ሾፌሩ ተቃወመ። ካቦው "በሉ እንደ ሬዲዮው አድርጉት" ብሎ እኔን መሐል አስቀመጠኝ። ሁለቱም የተናገሩት ያው ስቱዲዮ የተናገሩትን ነው፤ ቤንዚን በሚለው ቦታ እንጀራ ገባ እንጂ። ዶክተሩ ጥሩ ተናጋሪ ነው፣ የተጭበረበረ ሰው ደግሞ ቁጡ ነው። እጅ ሲወጣ ለአሮጌው ሥርዓት ያወጣነው ጥቂት ነበርን። አባባ ለአንዱም አላወጡም።

በማግስቱ ምሳ ሲመጣ ካቦው "ጠያቂ የሌለው ይናገር" አለ። አንድ ሁለት ወጣቶች ተናገሩ፤ ተሰጣቸው። አባባ ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሾፌሩ ሳህኑን አስጠግቶ "ኑ አባባ፣ እንብላ" አላቸው።

"ብሉ፣ ይባረክ። እኔ ጾም ነኝ" አሉ።

ሾፌሩ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ፋሲካ ካለፈ ገና ግማሽ ወር አልሞላም። በሃምሳው የሚጾም ክርስቲያን የለም፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል፣ ቄስም ይበላል። ክፍሉ ውስጥ ይህን የማያውቅ ጥቂት ነው። ግን ምን ይባላል? 'አባባ፣ ጾም የለም' ማለት 'ዋሽተዋል፣ ርቦዎታል' ማለት ነው። አፋችንን ይሉኝታ ዘጋው። በላን።

በማግስቱም ጾም ናቸው፣ በሠለስቱም። የጠዋቱን ዳቦ ጋቢያቸው ውስጥ ሸሽገው ከሰዓት በኋላ ያወጡና ግድግዳውን እያዩ ቀስ ብለው ይገምጡታል። ጾመኛ ነኝ ብለዋልና ጾሙን በሰዓቱ ነበር የሚፈቱት። ሾፌሩ በስውር እንጀራ ጠቅልሎ ትራሳቸው ሥር ሲያኖር አገኙትና መለሱለት። "የወደቀብህ ነገር አለ ልጄ" ነበር ያሉት።

ዶክተሩ ይህን አላወቀም። ከጾም የራቀ ቤት ነው ያደገው። አንድ ከሰዓት በኋላ በአድናቆት "አባባ እኮ ጠንካራ ናቸው፣ እዚህም ሆነው ጾማቸውን ይጾማሉ" አለ።

ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዶክተር፣ አሁን ሃምሳው ነው። በሃምሳው ጾም የሚባል ነገር የለም።"

"ታዲያ ለምን..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ቁጭ ብሎ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ጠረገው። ያን ማታ አልተከራከረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዶክተሩ የስኳር በሽተኛ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ምሳውን በሰዓቱ መብላት አለበት፤ መድኃኒቱን ጠባቂዎቹ ይዘው በየጠዋቱ ይሰጡታል። በማግስቱ ከሚስቱ የመጣለትን የምሳ ዕቃ ተቀበለ፣ ሳይከፍተው መሐል ወለሉ ላይ አስቀመጠው፣ ሄዶም ከአባባ ጎን ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ።

"እኔም ዛሬ ጾም ነኝ" አለ።

አባባ ፊታቸውን ሳያዞሩ "አንተ ደግሞ ምን ቆርጦህ ትጾማለህ? በሽተኛ አይደለህም እንዴ?" አሉት።

"እርስዎም አርጅተዋል።"

"እኔ ለምጄዋለሁ።"

"እኔም እለምደዋለሁ" አለ ዶክተሩ።

ማንም ሳህን አልከፈተም። ከውጭ የጠባቂዎቹ ሬዲዮ ሙዚቃ ይሰማል። ቆየት ሲል የዶክተሩ አንገት በላብ ራሰ፤ ጉልበቱ ላይ ያኖረው እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሾፌሩ ብድግ ብሎ "ዶክተር፣ ይኼ ቀልድ አይደለም። ትሞታለህ እኮ" አለው። ፈርቼ ነበር። ካቦው ጠባቂ ለመጥራት ወደ በሩ ሄደ።

ያኔ አባባ ዞር ብለው አዩት። ላቡን አዩ፣ እጁን አዩ።

"በሽተኛ ጾም የለበትም። ሃይማኖቱም አያዝህም" አሉት።

"እርስዎ ካልፈቱ አልፈታም።"

"እልኸኛ ነህ።"

"ነኝ።"

ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ለቀቁ። "በሉ ውሃ አምጡልኝ" አሉ። ካቦው ራሱ በጣሳ አመጣና አስታጠባቸው። "ሰው ከሚሞትብኝ ጾሜ ይፍረስ። ኃጢአቱ ግን ያንተ ነው" አሉት።

"ይሁን አባባ፣ የእኔ ይሁን።"

የምሳ ዕቃውን ከፍተው መጀመሪያ እሱን አጎረሱት። እሱ እስኪውጥ ጠበቁ። ከዚያ ራሳቸው ጎረሱ፤ አንዴ፣ ቀስ ብለው፣ እህል እንዳማረው ሳይሆን ሰው እንደሚያስታምም ሰው። በዚያ ክፍል ስንት ነገር አይቼ ያልወጣኝ እንባ ያን ቀን ወጣ።

በማግስቱ ካቦው ማንንም ሳይጠይቅ ከየሳህኑ ቆንጥሮ አንዱን ሳህን ሞላና በሩ ጥግ አስቀመጠው። የተቃወመ የለም። ዶክተሩ ሄዶ ከዚያ በላ። ማታ ላይ ለሾፌሩ "ይኼ ግን ስለ ነዳጅ ምንም አያረጋግጥም" አለው።

"ማን ነዳጅ አነሳ?" አለ ሾፌሩና ፊቱን ሸፍኖ ተኛ።

አባባ ከእኛ ቀድመው ተፈቱ። ስማቸው ሲጠራ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ሁላችንንም መርቀው ወጡ። ወዴት እንደሄዱ አላውቅም። እኛም ኋላ አንድ በአንድ፣ ለምን እንደተያዝን ሳይነገረን እንደተያዝን ሁሉ፣ ለምን እንደሆነ ሳይነገረን ተለቀቅን። ዶክተሩ አሁንም ዋጋው ይለቀቅ እያለ ይጽፋል። ሾፌሩ አሁንም አይለቀቅ ይላል። በዓመት በዓል ይደዋወላሉ፤ ሁለቱም ይነግሩኛል።

እኔ ከአገር ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ የምኖረው ሲያትል አጠገብ ኬንት ነው፤ የምሠራው ሲያትል ኤርፖርት ተሳፋሪ በማመላለስ። ይህም አገር ነዳጅ ያወጣል። ማደያው በር ላይ ያለው ዋጋ ግን ጠዋት ሌላ ነው፣ ማታ ሌላ፤ መኪና ነጂውም ቀና ብሎ አይቶ፣ ምራቁን ውጦ ይቀዳል። በቀደም ሬኒየር ቢች ሰፈር ካለው የማኅበረሰባችን ማዕከል አንድ ሰው ኮል አደረገልኝ። "ጋሼ፣ ስለ አገር ቤት የነዳጅ ዋጋ ዲስከሽን አዘጋጅተናል። ሁለቱም ሳይድ ይመጣል። ሶ፣ እርስዎ ሞደሬት ቢያደርጉልን?" አለኝ። ደክሞኛል አልኩት። ሰበብ መሰለው፤ እውነቴን ነበር። ሁለቱንም ክርክር በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ከሁለቱ አንዱም እንቅልፍ አይሰጠኝም።

ያንኑ ሳምንት ነው፤ ፋሲካ ገና ማለፉ ነበር። ተሳፋሪ የምንጠብቅበት ፓርኪንግ ውስጥ እንደ ወትሯችን መኪናዎቻችንን ፓርክ አድርገን ምሳችንን ኮፈን ላይ ዘርግተናል። በዲቪ ሎተሪ የመጣ አንድ ጎልማሳ አለ፤ ሥራውን ከጀመረ ብዙም አልሆነው፣ ቤተሰቡ አገር ቤት ቀርቷል። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ያያል።

"ና እንብላ" አልኩት።

"ኦኬ ነኝ ጋሼ፣ ብሉ። ጾም ነኝ" አለኝ፤ ስልኩን እያየ።

ጓደኞቼ ሊስቁ ሲሉ በዓይኔ ከለከልኳቸው። ሳህኔን ይዤ ሄድኩ፣ የጎኑን በር ከፍቼ አጠገቡ ገባሁና ምግቡን በመካከላችን አስቀመጥኩት።

"ስኳር አለብኝ" አልኩት። "ሐኪሙ ብቻህን አትብላ ብሎኛል። ድንገት ብወድቅ አብሮኝ የሚበላ ሰው መኖር አለበት።"

ስኳር የለብኝም። እሱ ግን ፊቴን ትኩር ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ስልኩን አስቀመጠ።

"እንደሱ ከሆነማ ይፈታል ጋሼ" አለና ከኋላ ወንበር የውሃ ጠርሙስ አንስቶ፣ በሩን ከፍቶ እጁን ታጠበ።