ጫማ ያደረገ መቋሚያ

ልጄ ሰሞኑን ቤት ስታጸዳ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንድ ዱላ አወጣችና «አባዬ፣ ይሄ ይጣል?» አለችኝ። ተቀብያት አሸተትኩት። ወይራው ዛሬም ይሸታል። ጫፉ ላይ የተቸነከረው ጎማ ደግሞ ፀሐይ ላይ የቆየ የመኪና ጎማ ይሸታል። «መልሺው» አልኳት፤ ለሷ የነገርኳት ይህንን ብቻ ነው። ላንተ ግን ልንገርህ፤ አንተ ቢያንስ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።

አባቴ ቢቸና መሪጌታ ነበሩ። እኔን ልምሻ ግራ እግሬን የመታኝ ገና ድክድክ ስል ነው። በደርግ ጊዜ ማትሪክ አልፌ አዲስ አበባ ለዩኒቨርሲቲ ልሄድ ስል፣ አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝና የባሕር ዛፍ ዱላዬን ተቀብለው የራሳቸውን መቋሚያ ሰጡኝ። ማሕሌት ሲቆሙ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተደገፉት፣ ከአባታቸው የወረሱት ነው። ብብቴ ሥር ልክ ገባ። «እኔን አቁሞኛል፤ አንተንም ያቁምህ። ስትጨርስ ግን ትመልስልኛለህ» አሉኝ።

ግቢ ስገባ ተማሪው በመጀመሪያው ቀን «መሪጌታ» ብሎ ሰየመኝ። በስሙስ አልተቀየምኩም። የቸገረኝ ሌላ ነው። መኝታ ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ሊሾ ነበር። የመቋሚያው ጫፍ ብረት ስለሆነ ሊሾ ላይ ያንሸራትታል። ከሁሉ የባሰው ግን ካፌው ነው። አንድ እጄ መቋሚያ ይዞ ትሪ በምን ልሸከም? ሰው መለመን ደግሞ ሞቴ ነው። ስለዚህ ምሳ ሰዓት «አላሰኘኝም» እያልኩ አልጋዬ ላይ እተኛለሁ። ራት ላይ ሁሉም በልቶ ሲወጣ ገብቼ የተረፈውን እዚያው ጠረጴዛው ጥግ ቆሜ እበላለሁ። የወጡ ሽታ በመስኮት ሲመጣ ትራሴን ፊቴ ላይ አደርግ ነበር።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ደረጃው በጭቃ ርሶ ነበርና ከመሐል ተንከባለልኩ። መጻሕፍቴ ተበተኑ፤ መቋሚያው ታች ድረስ እየተንኳኳ ወረደ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ቀጥ ብዬ መኝታ ክፍሌ ሄድኩና ልብሴን ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመርኩ። በቃኝ፤ ቢቸና ገብቼ ያገኘሁትን ሠርቼ እኖራለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ከኔ በላይ ባለው አልጋ የሞጣ ልጅ ይተኛ ነበር፤ የሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ቢቸናና ሞጣ እየተባባልን ስንተራረብ ነው የምንውለው። ሻንጣውን አየና «የቢቸና ሰው ድሮም መንገድ አይጨርስም» አለኝ። ልብሴን መክተቴን ስቀጥል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በረባሶውን ከቀኝ እግሩ አወለቀ፣ የጫማውን ተረከዝ በቢላ ቆረጠና ቁራጩን በመቋሚያው ብረት ላይ ጠቅልሎ በሚስማር ይቸነክር ገባ። መዶሻ ስላልነበረው በድንጋይ ነበር የሚመታው። «ጫማህን ምን ማድረግህ ነው?» ስለው፣ «ለኔ ግማሹ ይበቃኛል» አለ። በማግሥቱ ሦስተኛ ፎቅ ስንወጣ ሁለታችንም እናነክስ ነበር።

የምሳውንም ነገር ማንም ሳይነግረው ደረሰበት። በክርስቲያኑ በኩል ተሰልፎ የኔን ትሪ ያመጣልኛል፤ ከዚያ ተመልሶ በሙስሊሙ በኩል ለራሱ ይሰለፋል። እሱ እስኪቀመጥ የሱ ወጥ ቀዝቅዞ፣ እኔ አፍሬ፣ እንደዚያ ነበር። የመኝታ ቤቱ አለቃ ዘንድ ሄዶም ተጨቃጭቆ ምድር ቤት አልጋ አሰጠን። ስንተራረብ በነበረው ልክ አፌን ሞልቼ ማመስገን አቃተኝ። «አንተ ከምትጠይቅ ብትሞት ይሻልሃል። እኔ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ መጠየቅ አያሳፍረኝም» ብሎ ሳቀብኝ።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ተማሪው ለሰፋሪዎች ጎጆ እንዲሠራ ወደ ቆላ ተላከ። የኔን እግር አይተው አስቀሩኝ። የሞጣው ልጅ መኪና ላይ ሊወጣ ሲል መቋሚያዬን ገልብጦ ጎማውን አየ። «ተበልቷል። ስመለስ እቀይርልሃለሁ» አለኝ።

ወባ ገደለው። እዚያው ቆላ ቀበሩት።

ጓደኞቹ ከተመለሱ በኋላ ካፌ ገብቼ ፈዝዤ እንደ ተቀመጥኩ ትሪ ፊቴ ተቀምጦ አገኘሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። የክፍላችን ልጆች ተራ ገብተው ኖሯል። ቆላ ሳለ፣ ትኩሳቱ ሳይጠናበት፣ አደራ ብሏቸው ነበር። እስክመረቅ ድረስ አንድ ቀን አላስታጎሉብኝም።

ስመረቅ ክራንች ተሰጥቶኝ ስለነበር መቋሚያውን ልመልስ ይዤ ቢቸና ገባሁ። አባቴ ገልብጠው ጎማውን አዩ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሁለታችንም ሞጣ ወረድን፣ ለቅሶ ልንደርስ። ቤቱ አዲስ አቡጀዴ አቡጀዴ ይሸት ነበር። እናቱ መቋሚያውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጎማውን በአውራ ጣታቸው ሲዳብሱ ቆዩ። «እኔው ነኝ የገዛሁለት» አሉ። «አንዱን ቆርጦ መጣና ውሻ በላብኝ አለኝ። ተቆጣሁት እኮ።» አባቴ አንገታቸውን ደፉ። እኔም ያን ቀን ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ የማርያም ዕለት መጣ። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሊገቡ ሲሉ አንድ ቄስ ጎማውን አዩ። «መሪጌታ፣ ይሄ የጫማ ቁራጭ እኮ ነው። ጉጠት ላምጣና ይነቀል» አሏቸው በትሕትና። አባቴ ሕግ ያውቃሉ፤ ጫማ እንደማይገባ ሲያስተምሩ የኖሩት እሳቸው ናቸው። ጎማውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አይነቀልም» አሉ። መቋሚያውን ከጫማዎቹ መሐል ግድግዳው ላይ አስደግፈው ባዶ እጃቸውን ገቡ።

ሌላ መቋሚያ አቀበሏቸው። «የኔ ደጅ ቆሟል» ብለው መለሱት። በተከፈተው በር አያቸው ነበር። በቀኝ እጃቸው ጸናጽል ይዘው፣ ግራ እጃቸው ምንም ሳይጨብጥ ከሌሎቹ መቋሚያ ጋር እኩል ይነሣና ይወርድ ነበር። ሲደክማቸው ክብደታቸውን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ያዞሩ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ እንዲያ ነው የቆሙት።

ያን ጠዋት ማሕሌቱ ሲያበቃ ወጡ። ጫማቸውን አጠለቁ። መቋሚያውን አንሥተው፣ ጎማው ላይ ያረፈውን ጤዛ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለትና ቀስ ብለው «በል ልጄ፣ እንሂድ» አሉ።

ለኔ መስሎኝ ተነሣሁ።