በኦንታሪዮ ሐይቅ ላይ የማን ክልል ውስጥ ነን?

ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡30፤ ሴንት ጄምስ ታውን፣ ቶሮንቶ

ከአሥራ አራተኛው ፎቅ በሊፍት ስወርድ ጎረቤቴ ጋሽ መኮንን ሎቢው ውስጥ ቆመው ይጠብቁኛል። ጫማቸው ተወልውሏል፣ ከረባት አስረዋል። «ሠርግ አለብን እንዴ?» ልል አሰብኩና ተውኩት። በወጣትነታቸው በንግድ መርከብ ላይ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። ቶሮንቶ ከመጡ ወዲህ ግን ኢቶቢኮ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይደረድራሉ፤ ውኃ ላይ ከወጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

የጋበዘን የመጋዘኑ ሱፐርቫይዘር ሮን ነው። ጀልባ አለው። ሐይቁን አቋርጠን የናያጋራ ወንዝ የሚገባበትን ልናይና ማታ ልንመለስ ነው። እኔ የተጨመርኩት በጋሽ መኮንን ጥያቄ ነው። «ሙሉዬ፣ ቀኑን ሙሉ ከፈረንጅ ጋር ምን አወራለሁ? አብረሽኝ ነይ» አሉኝ። የሆስፒታል ላውንድሪ ሥራዬ ቅዳሜ ስለሌለ እሺ አልኩ።

ሮን በፒክአፑ መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ስልሳ የተጠጋ ሰው ነው።

ጠዋት 12፡45፤ ኢቶቢኮ፣ የጀልባ ማቆሚያው

ጀልባዋ ነጭ ናት፤ ከታች ሁለት ሰው የሚያስተኛ ጠባብ ክፍል አላት። ሮን የእንቁላል ሳንድዊች ዘረጋልን። ፍልሰታ ነውና ጋሽ መኮንን አመስግነው ከኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦና ቲማቲም አወጡ። ሮን ገርሞት አየና የሕይወት አድን ጃኬት አለበሰን።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው፤ ጣናን በታንኳም በሞተርም አቋርጫለሁ። ስለዚህ ሐይቅ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ዞር ስል የከተማው ረጅሙ ማማ እንደ መርፌ ቀጥኗል። ትንሽ ቆይቶ እሱም በጠዋቱ ብዥታ ውስጥ ጠፋ። በአራቱም ማዕዘን ውኃ ብቻ። ጨው የሌለው፣ ሰው የሚጠጣው ውኃ እንዲህ ዳርቻ ማጣቱን ዓይኔ አልቀበል አለ።

ሮን ካርታውን ዘርግቶ በሐይቁ መሐል የተነጠበ መስመር አሳየን። «ከዚህ ወዲያ አሜሪካ ነው» አለን።

ወደ ውጭ አየሁ። ማዕበሉ ከወዲህም ከወዲያም ያው ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፤ ስሙን የማላውቀው ቦታ

ጭጋግ ወረደብን። ሮን ሞተሩን አቀዘቀዘ፤ ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሳንድዊቹ የከበደው መስሎኝ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ ወንበሩ ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ግራ ክንዴን አመመኝ» አለ ቀስ ብሎ።

እንደምንም ጋደም አደረግኩት። ሸሚዙን ከፈትኩለት። ቀና ስል ጋሽ መኮንን ሞተሩን አጥፍተው ሬዲዮው ዘንድ ቆመዋል። ያለንበትን ቦታ የሚያሳየውን የሳተላይት መሣሪያ ቁጥሮች አንዴ በዓይናቸው አነበቡና ማይኩን አነሡ። በዚህ አገር ስልክ ሲያነሡ ድምፃቸው የሚያንስ፣ «ሙሉዬ አነጋግሪልኝ» የሚሉ ሰው ናቸው። ያን ጠዋት ግን በመርከበኞች የድረሱልን ጥሪ «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ» ሲሉ የሰማሁት ድምፅ የማላውቀው ድምፅ ነው። ቀጥ ያለ፣ የማይቸኩል። የጀልባዋን ስም፣ ያለንበትን ቦታ በቁጥር፣ ሦስት ሰዎች መሆናችንን፣ አንዱ በልብ ሕመም መውደቁን ተናገሩ።

 አንዲት ሴት በሬዲዮው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ደግማ አረጋገጠችላቸው።

ጋሽ መኮንን ካርታውን ተመለከቱና፣ «ምናልባት መስመሩን አልፈናል። አሜሪካ ክልል ውስጥ ሳንሆን አንቀርም» አሏት። ይህን ሲሉ ብቻ ድምፃቸው ተሰነጠቀ።

«ገብቶኛል። የክልሉን ነገር ለእኛ ተዉት» አለች። «ሕመምተኛው ይተነፍሳል?»

ይተነፍሳል። ጀልባው ላይ አስፕሪን ይኖር እንደሆነ ጠየቀች፤ ከመሳቢያው አገኘሁና አስኘኩት። በየአምስት ደቂቃው ትጠራናለች። «አለሁ፣ አልሄድኩም» ትላለች። የሮንን እጅ ይዤ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ።

ጠዋት 3፡40

በጭጋጉ ውስጥ የሞተር ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ ጎኗ ላይ ደማቅ ሰረዝ ያላት ፈጣን ጀልባ ብቅ አለች። ባንዲራዋ የአሜሪካ ነው። እኔና ጋሽ መኮንን ተያየን። ያለን የካናዳ የስደተኛ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም ቤት ቀርቷል። ወጣቱ መርከበኛ ዘልሎ ሲገባ መጀመሪያ ያልኩት፣ «ቪዛ የለንም» ነበር።

አልሰማኝም ወይም እንዳልሰማ ሆነ። በሮን አፍና አፍንጫ ላይ ኦክስጅን አደረገ፣ ከባልደረባው ጋር ተሸክመው አሻገሩት፣ ለእኔም ብርድ ልብስ ጣለልኝ። ሌላ ቀይና ነጭ ጀልባ ከካናዳ በኩል ደረሰች፤ የሮንን ጀልባ አስራ ልትጎትት ቀረች። አሜሪካኖቹ እኛን ጭነው የበረሩት ወደ አገራቸው አልነበረም። ሐኪም ቤቱ በካናዳ በኩል ይቀርብ ነበርና ወደ ካናዳ ጣቢያ ወሰዱን። አምቡላንሱ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

ቀን 6 ሰዓት፤ የባሕር ጠባቂዎቹ ጣቢያ

ሮንን ከወሰዱት በኋላ ሊንዳ የምትባል ሽበታም ባሕር ጠባቂ ሻይ ሰጠችን። ግድግዳው ላይ የካናዳ ካርታ በአምስት ቀለም ተከፋፍሎ ተሰቅሏል። ጋሽ መኮንን ብርጭቆውን ሳይነኩ እሱ ፊት ቆሙ።

«አምስቱ ክልሎቻችን ናቸው» አለች ሊንዳ። በምዕራብ የፓሲፊክ ዳርቻ፣ በምሥራቅ ኒውፋውንድላንድ፣ ቀጥሎ የአትላንቲክ ጠቅላይ ግዛቶች፣ ከዚያ የሴንት ሎረንስ ወንዝ። እያንዳንዱ የራሱ አዛዥ፣ የራሱ መርከቦችና የራሱ ሬዲዮ ጣቢያዎች አሉት። አምስተኛው የእኛ ነው። ጣቷን ከቆምንበት ጣቢያ አንሥታ ሐይቆቹን አሳለፈች፣ ደኑን ተሻገረች፣ ወደ ላይ ሄደች፣ ካርታው ነጭ እስከሚሆንበት፣ ውኃው እንደ ድንጋይ እስከሚጠጥርበት ድረስ። ያ ሁሉ በአንድ አዛዥ ሥር ነው። ሰዎች ቁምጣ ለብሰው የሚዋኙበት ዳርቻና በረዶ ሰባሪ መርከብ የሚሠራበት ባሕር የአንድ ክልል ናቸው። 

ጥሪያችን የሄደበትንም መንገድ ነገረችን። የሬዲዮዋ ሴት የሰማችውን ወዲያው ትሬንተን ላለው የነፍስ አድን ማዕከል አስተላለፈች። እዚያ አየር ኃይሉና ባሕር ጠባቂዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እነሱ ከመስመሩ ወዲያ ላሉት ጎረቤቶቻቸው ደወሉ፤ የአሜሪካኖቹ ጀልባ ለእኛ ትቀርብ ስለነበር እሷ ተነሣች። እኛ የሮንን ሸሚዝ ስንከፍት፣ ስማችንን የማያውቁ ሰዎች በሁለት አገር ስለ እኛ ይነጋገሩ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ ጋሽ መኮንን። «ሁለቱም ወገን ‹ይህ የእናንተ ነው› ቢባባሉስ?»

ሊንዳ ጥያቄውን እንደ ቀላል አላየችውም። «መጀመሪያ የሰማ፣ ሌላው ተረክቤያለሁ እስኪል ድረስ አይለቅም። በጽሑፍ ያለ ደንብ ነው።»

«እባክሽ ድገሚልኝ» አሏት። ደገመችላቸው። ሻያቸውን ያኔ ጠጡ።

እሑድ፣ ቀን 8 ሰዓት፤ ሴንት ካተሪንስ

ሌሊቱን ሐኪም ቤቱ አቅራቢያ አድረን ጠዋት ሮንን አየነው። የተዘጋውን የልብ ቧንቧ ከፍተውለታል። ሚስቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ጋሽ መኮንንን ስታይ ተነሥታ እጃቸውን ያዘችና ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። ሮን በደከመ ድምፅ፣ «ካርቶን እያሸከምኩህ ኖርኩ፤ ይህን እንደምትችል ለምን አልነገርከኝም?» አላቸው።

«አልጠየቅከኝም» አሉት። ሳቁ፤ ሮን ሲስቅ ነርሷ ተቆጣች።

አውቶቡስ ውስጥ፤ ወደ ቶሮንቶ

የወይን እርሻው በመስኮቱ ያልፋል። ጋሽ መኮንን ሳልጠይቃቸው መናገር ጀመሩ።

ቀይ ባሕር ላይ፣ በጭነት መርከብ ሳሉ፣ ከአንዲት ሳምቡክ፣ ከትንሽ የእንጨት ጀልባ፣ ጥሪ ሰሙ። ውኃ እየገባባት ነው። መርከባቸው ሩቅ ስለነበረች ጥሪውን በየብስ ላሉ ሁለት ጣቢያዎች አስተላለፉ። አንደኛው «የእነዚያ ክልል ነው» አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ጋሽ መኮንን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ዋሉ። ካፒቴኑ መንገዱን ቀይሮ ሲደርስ ውኃው ላይ የተንሳፈፈ ጣውላ ብቻ ነበር።

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ካፒቴኑም እንዲሁ ብሎኛል።» በመስኮቱ ማዶ ሐይቁ ብቅ አለ፤ ጭጋግ የለበትም፤ ፀሐይ ላዩ ላይ ተዘርግታለች። «ግን ኦፕሬተር ስትሆኚ የመጨረሻውን ድምፅ የምትሰሚው አንቺ ነሽ።»

 «ሳምቡኳ ስም ነበራት?» አልኳቸው።

ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ያን የቅዳሜውን ቀጥ ያለ ድምፅ አውጥተው፣ ሦስት ጊዜ፣ በሬዲዮ እንደሚጠራ አድርገው ስሟን ጠሩት፦

«ፋጡማ። ፋጡማ። ፋጡማ።»

ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ጋሽ መኮንን ከረባታቸውን ፈትተው አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ራሳቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉ። ቶሮንቶ እስክንገባ ድረስ ተኙ።