ከድንጋዩ አፍ ፊት

ዛሬ ጠዋት ቁልፌ ከምድጃው ኋላ ወደቀብኝና እጄን ወደ ጨለማው ክፍተት ሰደድኩ። ግድግዳው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ገና ምንም ሳልነካ ክንዴን መንጭቄ አወጣሁት፤ በዚህ ዕድሜዬ! ሳቅሽ አይደል? ሳቂ፤ ያን ድንጋይ ስለማታውቂው ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሮም ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የአንዲት ሲኞራ ቤት አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ፣ ልጇን ትምህርት ቤት አመላልሳለሁ። አዲስ አበባ ደግሞ እናቴ ዘንድ የተውኳት የራሴ ልጅ ነበረችኝ። ትቻት ስመጣ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሲኞራ ይህን አታውቅም። ሥራውን ያገኘችልኝ ደላላ አስጠንቅቃኝ ነበር። «ልጅ አለኝ እንዳትዪ። ልጅ ያላት ልቧ እዚያ ነው ብለው አይቀጥሩሽም። ሥራ ከሌለሽ ደግሞ ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የለም፤ ፔርሜሶ ከሌለሽ አገርሽ ግቢ ነው» ብላኝ ነበር። ስለዚህ ሲኞራ የመጀመሪያው ቀን ስትጠይቀኝ «የለኝም» አልኩ። የልጄን ፎቶ ከፍራሼ ሥር ደበቅኩ። ሲኞራ ወደ ክፍሌ ብቅ ባለች ቁጥር ፍራሹ ላይ ቁጭ እል ነበር።

ልጇ ሰባት ዓመት የሞላት ቀን ሲኞራ፣ «አሎራ፣ በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ ሦስታችንም ሮምን እንደ ቱሪስት እንዞራለን!» አለች። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም። እስከዚያ ቀን የማውቃት ሮም የአውቶቡስ መስኮትና የገበያ ከረጢት ነበረች። ኮሎሴኦን፣ ያን የጥንት ትርዒት አደባባይ፣ ዞርነው። የጋሪ ፈረሶቹ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከትሬቪ ፏፏቴ የሚረጨው ውሃ ፊታችንን ሲያረጥበው ልጅቷ በሳቅ ትፈነድቃለች፤ እኔም እሷን እያየሁ ልጄን አስባለሁ።

ከዚያ ወንዙ አጠገብ ወዳለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችን። ልማዴ ነውና ደጃፉን ተሳለምኩ። ቀና ስል በረንዳው ላይ ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ ጫፍ አንድ ትልቅ ክብ የድንጋይ ፊት ቆሟል፤ ዓይኑ ባዶ፣ አፉ የተከፈተ።

«ቦካ ዴላ ቬሪታ፣ የእውነት አፍ ነው» አለች ሲኞራ ለልጇ። «እጅሽን ከትተሽ ከዋሸሽ ይቆርጠዋል።»

ፈረንጆቹ እጃቸውን እየከተቱ፣ እየተንከተከቱ ፎቶ ይነሳሉ። እኔን ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ድንጋይ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን አሁን የተሳለምኩት ደጅ እኮ ነው! በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚዋሽ ሰው፣ መቅሰፍቱ እሱን ቢስተው ልጁን አይስተውም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ሰልፉ ባጠረ ቁጥር ወደ ኋላ እል ጀመር።

«እኔ ይቅርብኝ ሲኞራ፤ እርስዎ ከልጅዎ ጋር ይነሱ» አልኩ።

«ምን ያስፈራሻል? የምትደብቂው ነገር አለ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ለቀልድ ነበር፤ እኔ ግን እንቢ ብል የምትጠረጥረኝ መሰለኝ። እጄን ከተትኩ። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ የጉድጓድ ሽታ አለው። ልጅቷ ቀሚሴን ይዛ ሽቅብ አየችኝ።

«ከዓለም ልጆች ሁሉ የምትወጂው እኔን ብቻ ነው?»

ሲኞራ ካሜራዋን ደቅና ትጠብቃለች።

«አዎ፤ አንቺን ብቻ» አልኩ። ካሜራው ብልጭ አለ።

እጄ በሰላም ወጣ። ልጅቷ «ብራቫ!» ብላ አጨበጨበች። እኔ ግን ድንጋዩ ነክሶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ዝም ስላለኝ ነው የፈራሁት፤ ቅጣቱ ወደ ልጄ ተሻገረ አልኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ በኩፍኝ ስትቃጠል፣ መኪና ሲገጫት በዓይኔ ይሄድ ጀመር። የሌላ ሰው ልጅ ፀጉር እያበጠርኩ የራሴን በሐሳቤ እቀብር ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍቴ ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው ስልክ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ቤት ስልክ ስላልነበረ የምደውለው ለጎረቤታችን ነበር። ጠራ፣ ጠራ፤ የሚያነሳ የለም። ያችን ሳምንት እንዴት እንደገፋኋት ፈጣሪ ይወቅ። ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርኩበት፤ ሲኞራ ቀና ብላ አየችኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጎረቤታችን አነሳች።

«ልጄ ደህና ናት?» አልኩ፤ ጤና ይስጥልኝም የለ፣ ሰላምታም የለ።

«ምን ነካሽ አንቺ? ይኸው ደጄ ላይ ገመድ ትዘላለች። እናትሽ ገበያ ወጥተዋል፤ ቆይ ልጅቷን ላምጣልሽ።»

ግድግዳውን ተደግፌ አማተብኩ። ስደውል የማናግረው ሁልጊዜ እናቴን ነበር፤ ልጄ ስልክ ትፈራለች ይሉኝ ነበር። አሁን ትንፋሿ ተሰማኝ፤ ዝላይ ያደከመው፣ ቶሎ ቶሎ የሚል ትንፋሽ። ደህና ናት! ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

«የኔ ቆንጆ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

«እማዬ ገበያ ሄዳለች» አለችኝ፤ ትልቅ ሰው ፊት እንደቆመች ጨዋ ልጅ ቃሏን አጥርታ። «ስትመጣ ማን ደወለ ልበላት?»

«አንዲት ሴትዮ፣ ከሮም በያት» አልኩ።