የጾም ኮክቴል

እንደ አጎቴ ልጅ ያለ ጾመኛ አይቼ አላውቅም። አምና በፍልሰታ ሙቀቱ ሲብስ «ነይ፣ የሚያቀዘቅዝ የተኪላ ኮክቴል ልሥራልሽ» አለኝና ከዙሪክ ተነሥቼ ጄኔቫ፣ ቬርኒየ ያለው ቤቱ ሄድኩ።

ተኪላውን፣ የሎሚ ጭማቂውንና በረዶውን የጃም ጠርሙስ ውስጥ ጨመረ። ከስልኩ ላይ ያየው አሠራር ግን አረፋ እንዲያወጣ የእንቁላል ነጭም ይጨመር ይላል። እንቁላሉን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። «ጾም ነው» አለኝ፣ እኔ ጾሙን ልገድፍ የነበርኩ ይመስል ገላምጦኝ። በምትኩ የተቀቀለ ሽምብራ የታሸገበት ቆርቆሮ ከፍቶ ውሃውን ገለበጠበት። እሱም አረፋ ያወጣል አሉ። አረቄው ተኪላ ራሱ ጾም ያስገድፍ እንደሆነ በሐሳቡም አልመጣም። ክዳኑን ገጥሞ እንደ እርጎ ናጠው፣ ቀዳ፣ አማተበና ጠጣ።

እኔ አንዱንም መጨረስ አቃተኝ፤ ሽምብራ ሽምብራ ይላል። እሱ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ምላሱ ይተሳሰር ጀመር። ያኔ ነው ባቡር ላይ ምን እንደበላሁ የጠየቀኝ። ዳቦ በአይብ አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀምጦ በሐዘን አየኝ። «አንቺማ እዚህ አገር መጥተሽ ሃይማኖትሽን ረሳሽ» አለኝ፣ የሽምብራው አረፋ ጢሙ ላይ እንደተለጠፈ።